ኦፒሲ ዩኤ ብቻውን ይበቃል ብዬ ነበር

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩ የፋብሪካ መለኪያ መሣሪያዎች ስለራሳቸው ለኮምፒውተር የሚናገሩበት ስታንዳርድ ነው፤ ኦፒሲ ዩኤም ከነዚህ አንዱ ነው። እስካሁን 27 ምላሽ ገብቷል። ዘግይተው የደረሱ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስላታከታቸው፣ የተባባልነውን ከነቁጥሩ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጥያቄዬ። የምሠራው በአንድ የምግብ ፋብሪካ የኢንስትሩመንት ጥገና ክፍል ነው። መስመሩ በተለያየ ጊዜ ከተለያየ አገር ተገዝቶ የተገጣጠመ ነው። የግፊትና የሙቀት ትራንስሚተሮቹ ሃርት ናቸው። የቫልቭ ፖዚሽነሮቹ ፕሮፊባስ ፒኤ ናቸው። የኃይል ቆጣሪዎቹና ሁለት የፍሰት መለኪያዎች በሞድባስ ይነጋገራሉ። ማሸጊያው ጋ ያሉት አዳዲስ ሴንሰሮች ደግሞ አይኦ-ሊንክ ናቸው። አራቱም መሣሪያዎች የሚነጋገሩባቸው የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው። አሁን ሁሉም ወደ አንድ ኮንትሮል ሩም ይግቡ ተብሏል። ልኬቱ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። የመሣሪያው ጤንነት፣ አሃዱ፣ የተስተካከለበት ክልል፣ ሁሉም አብሮ እንዲመጣ ነው።

ለዚህ ያበቃን አንድ ሌሊት የደረሰብን ነገር ነው። የእንፋሎት መስመሩ የግፊት ትራንስሚተር ተበላሸ። የሺፍቱ ልጆች ከመጋዘን ሌላ አወጡ። ሞዴሉ ያው ነው። ተገጠመ፣ ሽቦው ታሰረ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር መጣ። ጠዋት ስገባ ከማብሰያው የሚወጣው ምርት ግማሽ ጥሬ ነው። ስክሪኑ 8 ባር ይላል። መሆን ያለበትም 8 ነው። ቧንቧው ላይ ያለውን ባለመርፌ ጌጅ በጣቴ መታ መታ አድርጌ አየሁት። መርፌው 5 ላይ ቆሟል።

አዲሱ ትራንስሚተር ከ0 እስከ 10 ባር ተስተካክሎ ነበር የመጣው። ፒኤልሲው፣ ማለትም መስመሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ግን ከ0 እስከ 16 ነው ብሎ ያነባል። ትራንስሚተሩ ልኬቱን የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ባለው ጅረት ነው፤ 12 የክልሉ እኩሌታ ነው። 12 ሚሊአምፔር ለአንዱ 5 ባር ነው፣ ለሌላው 8 ባር። የ8 ባር እንፋሎት 175 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል። የ5 ባር 159 አካባቢ ነው። ምርቱ ጥሬ የሆነው በዚህ ልዩነት ነው። ማንም አልዋሸም። በሽቦው የሄደው 12 ሚሊአምፔር ብቻ ነበር፣ ክልሉ አብሮት አልሄደም።

ስለዚህ ጠየቅኩ። መሣሪያው ስለራሱ የሚያውቀውን እንዲናገር ከተፈለገ የትኛውን ስታንዳርድ እንያዝ? ኢዲዲኤል፣ ኤፍዲቲ ከነዲቲኤሙ፣ ኤፍዲአይ ወይስ ኦፒሲ ዩኤ? የራሴንም አቋም ጨመርኩበት። ኦፒሲ ዩኤ ሁሉንም ስለተካ ሌሎቹ ጊዜያቸው አልፏል አልኩ። እርግጠኛ ሆኜ ነበር የጻፍኩት።

ምላሽ 1 በትሕትና አረመኝ። ጸሐፊው አራቱ በአንድ ሚዛን እንደማይቀመጡ አስረዳ። ኢዲዲኤል መሣሪያውን በጽሑፍ የሚገልጽ ቋንቋ ነው። ዲቲኤም ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፣ ኤፍዲቲ ደግሞ ዲቲኤሞች የሚከተሉት ስታንዳርድ ነው። ኤፍዲአይ የሁለቱን ጎራ ለማስታረቅ የመጣ ጥቅል ነው። ኦፒሲ ዩኤ ደግሞ መረጃው የሚደራጅበትና የሚጓዝበት መንገድ ነው። እንጀራን ከምጣድ ጋር አወዳደርክ አለኝ። ልክ ነበር። መጀመሪያ ላይ ግን አልተዋጠልኝም።

ምላሽ 2 ጀርመን አገር በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ከሚሠራ ወንድም መጣ። በጥንቃቄ የተጻፈ ረጅም ምላሽ ነው። ኢዲዲኤል የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) 61804 ስታንዳርድ ነው። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም አይደለም። መለኪያው ምን ምን እንዳለው ይዘረዝራል። የእያንዳንዱን ስም፣ አሃድ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ፣ መጻፍ ይቻል እንደሆነ፣ በየትኛው ሜኑ ሥር እንደሚታይ ይናገራል። አንባቢው ሶፍትዌር ያንን አይቶ ስክሪኑን ራሱ ይሠራል። ዊንዶውስ ቢቀየር ጽሑፉ አይቀየርም። ይህ ወንድም ፋይሎቹን የሚወደው ለዚህ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች ያስቀመጧቸው መግለጫዎች ዛሬም በአዲስ ሶፍትዌር ይከፈቱለታል።

ከዚያ ወደ እኔ ችግር ተመለሰ። ያን ሌሊት የመግለጫ ፋይል እንኳ አያስፈልጋችሁም ነበር አለ። ሃርት በዚያው የ4–20 ሚሊአምፔር ሽቦ ላይ በሴኮንድ 1200 ቢት ይነጋገራል። 1 ሲሆን 1200 ኸርትዝ፣ 0 ሲሆን 2200 ኸርትዝ ድምፅ ነው። ትእዛዝ 15 ብትልክለት ማንኛውም የሃርት መሣሪያ የታችና የላይ ክልሉን ከነአሃዱ ይመልሳል። አሃዱ በኮድ ነው የሚመጣው። 7 ባር ነው፣ 12 ኪሎፓስካል ነው፣ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የጎደለው ጠያቂ ነው። ይህን ሳነብ ለረጅም ደቂቃ ከወንበሬ አልተነሳሁም። መሣሪያው መልሱን ይዞ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ምላሽ 3 ከባሕረ ሰላጤው ነው። በአንድ ማጣሪያ ውስጥ የሚሠራ ቴክኒሻን ለዲቲኤም ተከራከረ። በጽሑፍ መግለጫ ብቻ የማይታይ ነገር አለ ባይ ነው። አንድ ታንክ ላይ የራዳር ደረጃ መለኪያቸው በየጊዜው የተሳሳተ ቁመት ያሳይ ነበር። ዲቲኤሙን ከፍቶ የማሚቶውን ኩርባ (የተመለሰው ምልክት በየርቀቱ ያለውን ጥንካሬ የሚያሳየውን ሥዕል) ሲያይ፣ ከፈሳሹ ገጽ ከሚመለሰው ጫፍ በላይ ሌላ ጫፍ አገኘ። የማማሰያው ክንፍ ሲያልፍ የሚመልሰው ነበር። እዚያው ስክሪን ላይ ያንን ርቀት እንዳይቆጥር አደረገው። የመሣሪያው አምራች ራሱ የሠራው ፕሮግራም ስለሆነ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ሲል ደመደመ። የማሚቶ ኩርባ አይቼ ስለማውቅ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ምላሽ 4 ላይ ድምፁ ተቀየረ። አዲስ አበባ ያለ ወጣት መሐንዲስ ነው። ምላሽ 3 የሀብታም ኩባንያ ወሬ ነው ሲል ጀመረ። ዲቲኤም ለእያንዳንዱ አምራች ለየብቻ ይጫናል። አንዱን ስታሳድገው ሌላው ይወድቃል። ዊንዶውስ ካልሆነ አይሠራም። ላፕቶፑ ሲሞት ፕሮጀክቱም አብሮ ይሞታል። ማይክሮሶፍት በማርች 2023 የዲኮም (የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ዘዴ) ጥበቃውን ግዴታ ሲያደርግ ዲቲኤሞች ሁሉ አበቃላቸው ብሎም ጨመረ።

ምላሽ 5 ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ። በማርች 2023 የተነኩት በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል በዲኮም የሚነጋገሩት ናቸው። ዋነኛው በ1996 የወጣው የድሮው ኦፒሲ ነው። ዲቲኤም በኮም (ዲኮም በተመሠረተበት የዊንዶውስ ዘዴ) ቢሠራም በአብዛኛው የሚሮጠው እዚያው አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሁለቱን አትቀላቅል አለ። ኤፍዲቲ 1.2 በኮምና በአክቲቭኤክስ መሠራቱን፣ ኤፍዲቲ 2 በ2012 ወደ ዶትኔት መሻገሩን፣ ኤፍዲቲ 3 ደግሞ በ2020 ወደ ዌብ ቴክኖሎጂ መሄዱንም አስረዳ። ስታንዳርዱ አይኢሲ 62453 ነው።

በምላሽ 6 ወጣቱ ተመልሶ የዲኮሙን ስሕተት አመነ። የቀረውን ግን አልለቅም አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ አሮጌ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ ቆልፎ የማያስቀምጥ የጥገና ክፍል ካለ ስሙን ንገሩኝ ሲል ጠየቀ። ማንም አልነገረውም። እኛም አለን። ባትሪው ሞቷል፣ ከቻርጀሩ ከተነቀለ ይጠፋል።

ምላሽ 7 የተማሪ ነው። ኤፍዲአይ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጠየቀች። ምላሽ 8 ሳይሰለች መለሰላት። የኢዲዲኤልና የኤፍዲቲ ጎራዎች ለዓመታት ከተፎካከሩ በኋላ የተስማሙበት ነው። ስታንዳርዱ አይኢሲ 62769 ሲሆን በ2015 ወጣ። አንድ መሣሪያ አንድ ጥቅል ይኖረዋል። በጥቅሉ ውስጥ የጽሑፍ መግለጫው የግድ አለ። ምላሽ 3 እንደወደደው ዓይነት ልዩ ስክሪን ካስፈለገ እንደ ተሰኪ ይገባል። መመሪያውና የምስክር ወረቀቱም አብረው ሊታሸጉ ይችላሉ። ጥቅሉን የሚያነበው አገልጋይ (ሰርቨር) ደግሞ መሣሪያውን በኦፒሲ ዩኤ ሞዴል አደራጅቶ ያሳያል። ይሄኔ ነው ምላሽ 1 የነገረኝ የገባኝ። ተፎካካሪ ናቸው ያልኳቸው አንዱ በሌላው ላይ የተሠሩ ናቸው።

ምላሽ 9 የሁላችንንም ወሬ አቋረጠ። በአንድ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ ያለው ግን ሞድባስ ነው አለ። በምሬት ነው የጻፈው፤ አልፈርድበትም። ሞድባስ ከ1979 ጀምሮ አለ። ርካሽ ነው፣ ሁሉም መሣሪያ ላይ ይገኛል። ነገር ግን 16 ቢት ሬጅስተር (ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ) ይሰጥሃል እንጂ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ አይነግርህም። ትርጉሙ ያለው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ትርጉሙም ጠፋ።

ከዚያ አንድ የፍሰት መለኪያ ያደረገውን ነገረን። ነጥብ ያለው ቁጥር 32 ቢት ስለሆነ ሁለት ሬጅስተር ይይዛል። የትኛው ግማሽ መጀመሪያ እንደሚመጣ ግን ስታንዳርዱ አይወስንም፣ አምራቹ እንደፈለገ ያደርገዋል። የእነሱ ስካዳ (የኮንትሮል ሩሙ መከታተያ ሶፍትዌር) በተቃራኒው ነበር የሚያነበው። ፍሰቱ ልክ 25.0 ሲሆን ስክሪኑ ላይ 0.00 ይመጣል። 25.3 ሲሆን ባለ24 አሃዝ ቁጥር ይመጣል። ኦፕሬተሮቹ ሜትሩ አብዷል ብለው ሊያስነቅሉት ነበር። እኔ አላመንኩም። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቢቶቹን በወረቀት ገለባብጬ ሠራሁት። ለ25.3 የሚወጣው 2.7 ሲባዛ በ10 ኃይል 23 ነው። 25.0 ደግሞ ከዜሮ የማይለይ ደቃቅ ቁጥር ይሆናል። ልክ እንዳለው ነው።

ምላሽ 10 ደግፎት ሌላ ወጥመድ ጨመረ። መመሪያው ላይ 40001 የሚባለው ሬጅስተር በሽቦው ላይ አድራሻው 0 ነው። አንዳንዱ አምራች መመሪያው ላይ ከ1 ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከ0። በአንድ ቁጥር ስትስት ከቮልቴጁ ፈንታ ጎረቤቱን ታነባለህ። ጎረቤቱ የሌላ ፌዝ ቮልቴጅ ከሆነ ቁጥሩ ተቀራራቢ ስለሚሆን ለወራት ላታውቀው ትችላለህ።

ምላሽ 11 እና 12 ጸብ ናቸው። አንደኛው ውጭ አገር የሚኖር ነው። ሞድባስን እስካሁን የሚጠቀም ሰው ስለ ስታንዳርድ ባያወራ ይሻላል አለ። ሁለተኛው ውጭ ተቀምጦ በሰው በጀት መፎከር ቀላል ነው ብሎ መለሰለት። ከዚህ በላይ የተባለውን አልደግመውም፣ ለሁለቱም አይበጅም።

ደግነቱ ምላሽ 13 መጣ። ጋሼ ብለን የምንጠራቸው፣ በስኳር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ማንንም ሳይቆጡ ታሪክ ነገሩን። እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ምልክቱ በአየር ግፊት ነበር የሚሄደው፤ ከ3 እስከ 15 ፒኤስአይ። አየሩም እንደ ሚሊአምፔሩ ክልሉን አይናገርም። ስለዚህ አለቃቸው አንድ ሕግ ነበራቸው። ማንም መሣሪያ የሚፈታ ሰው ክልሉን መሣሪያው አካል ላይ በቀለም ሳይጽፍ አይሄድም። ያው ክልል ኮንትሮል ሩም ባለው መዝገብ ላይም ይጻፋል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ሥራው አልተረከበም። ከዚያ ምላሽ 11ን ልጄ ብለው ጠርተው፣ ሞድባስ ያለው ሰው ከማንም በላይ ስታንዳርድ እንደሚያስፈልገው በእርጋታ አስረዱት። ይቅርታ ጠየቀ። ክሩ ላይ ደስ ካሉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ምላሽ 14 አቋሜን ያስቀየረኝ ነው። እስራኤል ውስጥ በውኃ ማጣሪያ ሥራ ላይ ያለች እህት ናት። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን በቀጥታ ነካችው። ኦፒሲ ዩኤ ትርጉም መሸከም ይችላል፣ ትርጉሙን ግን አንድ ሰው ማስገባት አለበት አለች። አገልጋዩ ስላለ ብቻ መረጃው ተግባባ ማለት አይደለም። እሷ የተረከበችው ሥርዓት በኦፒሲ ዩኤ ነበር የሚሠራው። ግንኙነቱ ተመስጥሯል፣ የምስክር ወረቀት አለው፣ ፖርት 4840 ክፍት ነው። የመረጃዎቹን ዝርዝር የያዘውን ዛፍ ስትከፍተው ግን ታግ 1፣ ታግ 2፣ ታግ 3 እየተባለ እስከ 600 ይሄዳል። አሃድ የለም። ክልል የለም። የድሮው ሞድባስ በአዲስ ልብስ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው በኦፒሲ ዩኤ ላይ የሚጫነው የጋራ ሞዴል ነው ስትል ቀጠለች። ለሂደት መሣሪያዎች ያለው ፒኤ-ዲም ይባላል። በ2020 ነው የወጣው። የግፊት መለኪያ ከየትም ፋብሪካ ይምጣ፣ ግፊቱ በአንድ ዓይነት ቦታ በአንድ ዓይነት ስም ይቀመጣል። ከስሙም አልፎ መለያ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር የተወሰደው ከአይኢሲ 61987 የጋራ መዝገበ ቃላት ነው። ኮምፒውተሩ ስሙን በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም ቢያገኘው፣ በቁጥሩ አማካይነት ይህ የሂደት ግፊት ነው ብሎ ያውቃል።

በምላሽ 15 አመሰገንኳትና ተሳስቼ እንደነበር ጻፍኩ። አንድ ነገርም ጠየቅኩ። የእኔ ሃርት መሣሪያዎች አሮጌ ናቸው፣ ፒኤ-ዲም በውስጣቸው የለም። ምን ይሻላል? ምላሽ 16 የጀርመኑ ወንድም ነው፣ ያው ምላሽ 2ን የጻፈው። መሣሪያው ራሱ ማወቅ አይጠበቅበትም አለ። መሐል ላይ የሚቀመጥ መግቢያ በር (ጌትዌይ) በሃርት ያነበውን ወደ ፒኤ-ዲም ቦታ ያስቀምጠዋል። ይህን ለማድረግ ግን ከመሣሪያው አምራች የወጣው የመግለጫ ፋይል ያስፈልገዋል። ትእዛዝ 15 የጋራ ስለሆነ ያለ ፋይል ይሠራል። የመሣሪያው የራሱ የሆኑ ምርመራዎች ግን ያለ ፋይል አይፈቱም። ስለዚህ ጊዜው አልፏል ያልኩት ፋይል የሁሉም መሠረት ሆኖ ተገኘ።

ከ17 እስከ 21 ከርዕሱ ወጣን። ግን ባይነበብ ይጎዳል።

ተማሪዋ ነች የጀመረችው። ናሙር (የሂደት ኢንዱስትሪ አውቶሜሽን ተጠቃሚዎች ማኅበር) ባወጣው ኤንኢ 107 በሚባለው የ2006 ምክር መሠረት መሣሪያ ጤንነቱን በአራት ምልክት ብቻ ይናገራል። እነዚህን ለኦፕሬተር በአማርኛ ምን እንበላቸው አለች። ቀዩ ላይ ሁላችንም ተስማማን፤ ብልሽት ነው። ብርቱካናማው ፍተሻ ላይ ተባለ፤ ቴክኒሻኑ እየነካካው ስለሆነ ቁጥሩን አትመኑ ማለት ነው። ሰማያዊው ጥገና ይሻል ሆነ። ቢጫው ላይ ተጣላን። አንዱ ከመስፈርት ውጪ አለ። ሌላው ኦፕሬተሩ ምርቱ ከመስፈርት ወጣ ብሎ ይደነግጣል አለ። እውነት ነው፣ ቢጫው የሚያወራው ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ ምርቱ አይደለም። ጋሼ ከአቅሙ ውጪ እየሠራ የሚለውን አቀረቡ። እኔ ይሄንን ነው የወሰድኩት። የጀርመኑ ወንድም አንድ ደስ የሚል ነገር ጨመረ። በኢዲዲኤል ፋይል ውስጥ አንድ ጽሑፍ በብዙ ቋንቋ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። የቋንቋ ኮድ ይሰጠዋል፣ ሶፍትዌሩ ይመርጣል። አማርኛ እዚያ ቦታ ቢኖረው እንዴት ደስ ባለኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደክሞት የተቀመጠ ኦፕሬተር ሊያነብ የሚገባው በገዛ ቋንቋው ነው።

ከዚያ የሰዓት ነገር ተነሳ። ኦፒሲ ዩኤ ጊዜን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አንድ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፓምፕ ቆመብን ተብሎ መዝገቡን ቢፈልግ ምንም አላገኘም። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በፈረንጆቹ ከንጋቱ 2 ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ የዋዜማው 23 ሰዓት ነው። ቀኑም ተቀይሯል። ሰውየው የተሳሳተ ቀን ሲያገላብጥ ነው የዋለው። ምላሽ 21 መፍትሔውን አጭር አደረገው። መዝገቡ እንዳለ ይቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም ሰዓት ጎን ለጎን ይታይ። እኛ ጋ ይህን አስቀድሜ አስገብቻለሁ።

ምላሽ 22 ስለ አይኦ-ሊንክ ነው። ጠርሙስ መሙያ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። እኔ ያጣሁትን እሱ እንዳገኘ ተረከ። በአይኦ-ሊንክ 1.1 ማስተሩ (ሴንሰሮቹ የሚሰኩበት ሣጥን) የሴንሰሩን ቅንብር መዝግቦ መያዝ ይችላል። ተመሳሳይ ሞዴል ስትቀይር ማስተሩ የድሮውን ቅንብር ወደ አዲሱ ይጭነዋል። ሌሊት ተቀይሮ ጠዋት ማንም ሳያውቀው በትክክል ሲሠራ አገኘው። መግለጫው አይኦዲዲ ይባላል፣ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ያን ሌሊት የእንፋሎት መስመራችን እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይህ ክር አይከፈትም ነበር።

ምላሽ 23 ስለ አሴት አድሚኒስትሬሽን ሼል ነገረን። ጀርመኖች ለኢንዱስትሪ 4.0 ያመጡት ነው። ለመሣሪያው ዲጂታል ማኅደር ይከፈትለታል። ስሙ፣ የተሠራበት ቀን፣ ሰነዶቹ፣ ሁሉም በየክፍሉ ይቀመጣል። አይኢሲ 63278-1 ሆኖ በ2023 ወጥቷል። ምላሽ 24 ሌላ ስታንዳርድ ደግሞ መጣ ብሎ ጮኸ። የተቆጣው ያው የምላሽ 4 ወጣት ነው። ቁጣው ይገባኛል። ግን ፒኤ-ዲም መሣሪያው አሁን የሚለውን ሲይዝ፣ ሼሉ ከመገዛቱ እስከ መጣሉ ያለውን ታሪክ ነው የሚይዘው። ለእኛ ፋብሪካ ገና ነው።

ምላሽ 25 ከግዥ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ዘሎት አልፏል። እኔ ግን ከሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል። ይህ ሰው መሐንዲስ አይደለም። ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ አቅራቢ አያመጣም፣ ከተጻፈ ግን ያመጣል አለ። በጨረታው ሰነድ ላይ ኦፒሲ ዩኤ ይደግፍ የሚል ቃል ብቻ ከገባ የምላሽ 14 ታግ 1፣ ታግ 2 ነው የሚመጣው። መጻፍ ያለበት ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር፣ ከሪቪዥኑ ጋር የሚገጥመው የኤፍዲአይ ጥቅል ወይም የመግለጫ ፋይል በርክክቡ ቀን በእጅ ይገባ። ሞድባስ ከሆነ ሙሉው የሬጅስተር ሰንጠረዥ፣ የሁለቱ ግማሾች ቅደም ተከተልና መቁጠሪያው ከ0 ይሁን ከ1 ተጽፎ ይምጣ። እነዚህ ሳይገቡ የመጨረሻው ክፍያ አይከፈልም። የምላሽ 9 ኤሌክትሪሺያን ይህን ሲያነብ ዕድሜ ይስጥህ ብሎ ብቻ አለፈ።

ምላሽ 26 የእኔ ነው። የወሰንኩትን ጻፍኩ። ያሉትን ሃርትና ፕሮፊባስ ፒኤ መሣሪያዎች ፋይላቸውን አንድ በአንድ እየሰበሰብኩ ነው። ኤፍዲአይ ጥቅል ካለው እሱን፣ ከሌለው ኢዲዲኤሉን እወስዳለሁ። ለሁለት የራዳር መለኪያዎች ብቻ ዲቲኤም እናስቀምጣለን፤ ምላሽ 3 አሳምኖኛል። ከላይ ኦፒሲ ዩኤ ይሆናል፣ ግን በፒኤ-ዲም ስሞች። ሞድባሶቹን በእጄ እየተረጎምኩ አስገባለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የእጅ ኮሙኒኬተሩን ይዤ ሁለት ቀን መስመሩ ላይ ዞርኩ። 41 የሃርት ትራንስሚተር አለን። የእያንዳንዱን ክልል ጠይቄ ፒኤልሲው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየሁ። ስድስቱ አይገጥሙም። አንደኛው የዘይት ታንክ ደረጃ ነው። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ምላሽ 27 ጋሼ ናቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው። ስድስቱን ስታስተካክል ክልሉን መሣሪያው ላይ ጻፍክበት ወይ አሉኝ። አልጻፍኩም ነበር። በማግስቱ ነጭ የቀለም እስክሪብቶ ይዤ ወረድኩ። ዛሬ 29ኛው ላይ ነኝ።